የሰፈራችን ካፌ ምን ነካት? የምትጠጡባትም፣ የሠራችሁባትም ተናገሩ

የአራዳው ልጅ፦
ሰላም የደሴ ልጆች። ስሟን አልጽፍም። ከፒያሳ ብዙ የማትርቀውን፣ በረንዳዋ ላይ ዝቅ ዝቅ ያሉ የእንጨት ወንበሮች የተደረደሩባትን ካፌ የሰፈሩ ሰው ያውቃታል። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ ጀምሮ እዚያ ነው የምጠጣው። ጠዋት ጉሙ ከጦሳ ላይ ሳይገፈፍ ገብቼ ማኪያቶዬን በሁለት እጄ ካልያዝኩ ቀኔ የተጀመረ አይመስለኝም።

ዓመት ሊሆነው ነው፣ ቡናው እጅ እጅ ይለኛል። አንድ ቀን ይመርራል፣ በማግሥቱ ውሃ ውሃ ይላል። ወተቱ ተቃጥሎ ይመጣል። አስተናጋጅ በየወሩ ይቀያየራል። ድሮ ገና ከበር ስገባ "ጠቆር ያለ፣ አይደል?" ይሉኝ ነበር። ባለፈው ሳምንት "ጠቆር ያለ" ብዬ አዝዤ ነጭ መጣልኝ። ልመልሰው ስል ልጅቷ ደነገጠች። እጇ ሲንቀጠቀጥ አይቼ "ግድ የለም፣ ተይው" ብዬ ጠጣሁት። ለምን እንደዚያ እንደደነገጠች እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም።

ልተዋት አልፈልግም። ሌላ ካፌ ጠፍቶ አይደለም፣ ያደግሁባት ስለሆነች ነው። የምታውቁት ካለ ንገሩኝ።

ሰኞ ገበያ፦
እኔ ትቻታለሁ። ዋጋ ጨመሩ፣ ዝም አልን። ሲኒው አነሰ፣ ዝም አልን። ከዚያ ቡናው ራሱ ተበላሸ። ገብስ ሳይቀላቅሉበት አይቀርም።

ሐረጎ ቁልቁል፦
በዋጋው እንኳ አልፈርድባቸውም። ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው፣ ጠዋት በሐረጎ ወርጄ ማታ እመለሳለሁ። እዚያም ጨምሯል። በሐምሌ 2016 ብሩ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከ120 ብር አልፎ ሄደ። የማሽን መለዋወጫ የሚመጣው በዶላር ነው። ጥሬ ቡናውም የዓለም ዋጋው በ2017 ጣሪያ ሲነካ የእኛም ገበያ አብሮ ወጣ። ስኳሩ፣ ወተቱ፣ የቤት ኪራዩ ሲታከልበት ምን ያድርጉ? የምከፋው ከፍዬ የማይጠጣ ነገር ሲሰጡኝ ነው።

ሌላም ነገር አለ። በረመዳን ማታ ተራዊህ ሰግደን ስንወጣ የምንሰባሰበው እዚያ ነበር። ክርስቲያን ጓደኞቻችን ቀድመው ገብተው ወንበር ይዘው ይጠብቁናል። በዐቢይ ጾም ደግሞ ተራው የእኛ ነው። "የጾም ማኪያቶ አለ?" ብለን እነሱ ሳይደርሱ የምንጠይቅላቸው እኛ ነን። ዘንድሮ ያ ጠረጴዛ ባዶ ነው። ማንም ተጣልቶ አይደለም። አንድ በአንድ ቀረን።

ቦርከና፦
እውነት ነው። እኔም ከዚያ ጠረጴዛ ከቀሩት አንዱ ነኝ።

ጦሳ ሥር፦
የቡና ማሽን ጠጋኝ ነኝ። ያችን ካፌም ሁለት ጊዜ ገብቼ ሠርቻለሁ። ሰኞ ገበያ፣ ወንድሜ፣ የገብሱን ነገር ተወው። በዓይኔ ያየሁት ቡና ንጹሕ ቡና ነው። ማሽኑም ጥሩ ማሽን ነው። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው።

የአራዳው ልጅ "አንድ ቀን ይመርራል፣ በማግሥቱ ውሃ ውሃ ይላል" ያለው ለእኔ ሁሉንም ነገረኝ። ያ የወፍጮ ችግር ነው። ቡና ሲደቅቅ ውሃው በውስጡ ለማለፍ ይዘገያል፣ ይመርራል። ሲሸረክት ውሃው ሮጦ ያልፋል፣ ቀጭን ይሆናል። ጥሩ የሚባለው ከ25 እስከ 30 ሰከንድ ውስጥ ሲወርድ ነው። አንዴ አስተካክለህ የምትተወው ነገር ግን አይደለም። አየሩ ሲረጥብ ይለወጣል፣ አዲስ የተቆላ ሲገባ ይለወጣል። ደሴ ደግሞ ጠዋት ጉም፣ ቀትር ላይ ፀሐይ፣ ከሰዓት ዝናብ ናት። ባሪስታው በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ወፍጮውን ነካ ማድረግ አለበት። ይህን የሚያውቀው እዚያው ወፍጮ ላይ ወራት የቆመ ሰው ብቻ ነው። ትናንት የተቀጠረ ልጅ ከየት ያመጣዋል?

ወተቱም እንደዚያው ነው። 60 ዲግሪ አልፎ ትንሽ ሄድ ሲል መነሳት አለበት። ጣፋጭነቱ እዚያ ጋ ነው። ከ70 ካለፈ ይቃጠላል። የተረፈውን መልሰው ሲያፈሉት ደግሞ ያንን የምታውቁትን የማያስደስት ጠረን ያመጣል። ሰለጠነ የምንለው ልጅ ቴርሞሜትር አይፈልግም። መዳፉን ጆጉ ላይ አድርጎ ይሰማዋል፣ በድምፁም ያውቀዋል።

ስለዚህ ጥያቄው ቡናው ምን ሆነ አይደለም። ወፍጮው ላይ የነበረችው ልጅ የት ሄደች? ለመጨረሻ ጊዜ ስጠግን አላገኘኋትም።

የረከቦት ልጅ፦
ከጥያቄው ትንሽ ልውጣ፣ ጦሳ ሥር ስላነሳው ነው። ለጀበናም እንዲህ ያለ ነገር አለው? እናቴ ኮምቦልቻ እህቷ ቤት ስታፈላ "የዚህ አገር ቡና ቶሎ ይበስላል" ትላለች።

ጦሳ ሥር፦
እናትህ ልክ ናቸው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ውሃ እዚህ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ዝቅ ስለሚል 94 ገደማ ይደርሳል። ሁለት ዲግሪ ትንሽ ትመስላለች፣ ለጀበና ግን ትልቅ ናት። ለዚህ ነው እዚህ ጀበናው ከሰሉ ላይ ቆየት ሲል የሚሻለው። የካፌ ማሽን በግፊት ስለሚሠራ ይህ ብዙም አያሳስበውም።

እናት ወሎ፦
ልጆቼ፣ እኔ ማኪያቶ አልጠጣም። ወደዚያች ካፌ የምሄደው ለጥጓ ነው። መግቢያው ጋ ቄጠማ ተጎዝጉዞ፣ ረከቦት ተዘርግቶ፣ ዕጣኑ ጨስ ጨስ ሲል አንዲት ልጅ ጀበና ታፈላ ነበር። አቦሉን ሰጥታ አትለቅም። "እትዬ፣ ቶናውን ሳይቀምሱ?" ትለኛለች። በረካ ሳልጠጣ አስነስታኝ አታውቅም። ጉልበቴን እንደሚያመኝ ታውቃለች፣ ከፍ ያለውን ወንበር ታመጣልኛለች። አሁን ጀበናው በፔርሙስ ነው። ከሌላ ቦታ ተፈልቶ ይመጣል። ቄጠማውም ፕላስቲክ ሆኗል። አንድ ቀን ጠጥቼ ወጣሁ፣ አልተመለስኩም። ያች ልጅ ደህና ትሆን? የምታውቁ ንገሩኝ።

ወፍጮ ላይ የነበርኩ፦
እኔ ነኝ። ጦሳ ሥር የጠየቀኝ ባሪስታ። ጀበና የምታፈላው ልጅ ደግሞ የአክስቴ ልጅ ናት። እትዬ፣ ደህና ናት፣ አግብታ ኮምቦልቻ ገብታለች። መልእክትዎን አነብላታለሁ።

ይህን ክር ጓደኛዬ ነው የላከልኝ። ሁለት ቀን ልጻፍ አልጻፍ እያልኩ ቆየሁ። የበደል ወሬ ማብዛት አልወድም። ግን ልጅቷ እጇ ተንቀጠቀጠ የሚለውን ሳነብ አላስቻለኝም።

ሦስት ዓመት ተኩል ሠርቼባታለሁ። ስገባ ማንኪያ መያዝ አላውቅም ነበር። ባለቤቱ ራሳቸው ናቸው ያስተማሩኝ። አጠገቤ ቆመው "አድምጪው፣ ወተቱ ይነግርሻል" ይሉኝ ነበር። ያንን ዛሬም አመሰግናለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት እንደ ቤቴ ነበር። ማን ጠቆር ያለ እንደሚወድ፣ ማን ስፕሪስ፣ ማን ወተት በማር፣ በቃሌ አውቀው ነበር። የአራዳው ልጅ ማን እንደሆንክ ገምቻለሁ። በረንዳው ላይ በስተግራ፣ ጀርባህን ለግድግዳው ሰጥተህ ነው የምትቀመጠው።

ነገሩ የተበላሸው አስተዳዳሪ ሲቀጠር ነው። ባለቤቱ ታመው መምጣት ቀነሱ። አዲሱ ሰው ደብተር አወጣ። ሲኒ ከተሰበረ ከደመወዝ ይቆረጣል። ደንበኛ የመለሰው ማኪያቶ በአስተናጋጇ ስም ይጻፋል። የተሳሳተ ትእዛዝ እንዲሁ። ልጅቷ የደነገጠችው ለዚህ ነው ወንድሜ። ያ ማኪያቶ ቢመለስ የእሷ ዕዳ ነበር።

ጠዋት 12 ሰዓት እንገባለን፣ ማታ 1 ሰዓት እንወጣለን። መሀል ላይ ምሳ የምንበላው ቆመን ነው። ለበዓል ቀን የተለየ ክፍያ የለም። እናንተ የምትተዉልን ጉርሻ ድሮ ሳጥን ውስጥ ገብቶ ቅዳሜ ማታ ሳህን አጣቢውም ሳይቀር እኩል ይካፈለው ነበር። ሳጥኑ ወደ ካሸሩ መሳቢያ ገባ። ለምን ብለን ስንጠይቅ "የተሰበረውን ይሸፍናል" ተባልን። በቴሌብር የምትልኩትማ መጀመሪያውኑ የካፌው ሂሳብ ውስጥ ነው የሚገባው።

እኔ የወጣሁት በአንድ ቀን አይደለም። መጀመሪያ ጓደኛዬ ወጣች። ከዚያ የአክስቴ ልጅ። አዲስ ልጅ ሲመጣ ወፍጮውን ላሳየው እሞክራለሁ፣ ወር ሳይሞላው ይሄዳል። በመጨረሻ ብቻዬን ቀረሁ። አንድ ጠዋት የሰው ፊት ሳየው ማን ምን እንደሚጠጣ ጠፋኝ። ደክሞኝ ነበር። በዚያው ሳምንት ለቀቅኩ። አምስት ወር ሊሆነኝ ነው። የመጨረሻው ወር ደመወዜም፣ የሥራ ልምድ ወረቀቴም እስካሁን አልተሰጠኝም።

ሰኞ ገበያ፦
እህቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ገብስ ነው ብዬ የጻፍኩት ሳላውቅ ነው። አንቺ በነበርሽ ጊዜ ያለው ቡና ምን ነበር?

ወፍጮ ላይ የነበርኩ፦
ሲዳማና ጅማ ተቀላቅሎ ነበር። ሲዳማው ለጠረኑ፣ ጅማው ለክብደቱ። ረቡዕ ረቡዕ ጓሮ ውስጥ እንቆላለን፣ ሦስት አራት ቀን አስቀምጠን ነው ማሽን ላይ የምናወጣው። የዚያኑ ዕለት የተቆላ ቡና ጋዙ ስላልወጣ አረፋ ብቻ ይሆናል። እኔ ልወጣ አካባቢ ግን መቆላቱ ቀርቶ የተፈጨ መግዛት ተጀምሮ ነበር። ገብስ የለበትም፣ ግን የቆየ ነው። ነፍሱ ወጥቷል።

ሳህን ቤት፦
እሷ ያለችው ሁሉ እውነት ነው። እኔ ሳህን አጣቢ ነበርኩ። በደብተሩ ከሁሉም በላይ የተጻፈብኝ እኔ ነኝ። ሲኒ በሙቅ ውሃ ሲታጠብ ይሰነጠቃል፣ ማንም ሳይጥለው። የተሰነጠቀውን አሳይቼ "ይኸው፣ አልጣልኩትም" ብል ያው ነው። በአንድ ወር የደመወዜን ግማሽ የሚጠጋ ቀረብኝ። ለእናቴ የምልከው አልነበረኝም። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር።

ኮምቦልቻዊት፦
አይዞህ ወንድሜ። እዚህ ኮምቦልቻም የማውቀው ካፌ ላይ ያው ደብተር አለ። የእናንተ ብቻ እንዳይመስላችሁ።

ሕግ አዋቂ ነኝ፦
ጠበቃ ነኝ፣ ደሴ ነው የምሠራው። ለሁለታችሁም በአጭሩ ልናገር፣ የጊዜ ገደብ ስላለው ነው የቸኮልኩት።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይመለከታችኋል። መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። ከዚያ የበለጠው ትርፍ ሰዓት ነው። በቀን የተሠራ ከሆነ የሰዓቱ ደመወዝ በአንድ ተኩል ይባዛል፣ በሕዝብ በዓል በሁለት ተኩል። ደመወዝ በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ካልሆነ አይቆረጥም። በእነዚህ ቢቆረጥም በአንድ ጊዜ ከወሩ ደመወዝ አንድ ሦስተኛ ማለፍ አይችልም። ሳህን ቤት፣ የአንተ ግማሹ መቆረጡ በየትኛውም መንገድ ትክክል አይደለም።

ውል ሲቋረጥ ክፍያው በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል አለበት። የሥራ ልምድ ማስረጃ ደግሞ ያለ ምንም ክፍያ የመስጠት ግዴታ አለበት። የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ ወረቀት ነው። ተለማምጣችሁ የምትወስዱት ችሮታ አይደለም።

አሁን ዋናው። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ በ6 ወር ይርጋ ይዘጋል። አምስት ወር ሊሆነኝ ነው ያልሽው እህቴ፣ ጊዜሽ እያለቀ ነው። መጀመሪያ በጽሑፍ ጠይቂ፣ ቅጂውን ያዢ። ካልሆነ ክስ ይቀጥላል። ማመልከቻውን በነጻ እጽፍልሻለሁ።

የባለቤቱ እህት ልጅ፦
እኔ ዘመድ ነኝ፣ አልደብቅም። መጀመሪያ ሳነብ ተናድጄ ነበር። ልሰድባችሁ ጽፌ አጠፋሁት። አሁን ረጋ ብዬ ልጻፍ።

አጎቴን የማታውቁት እንዳትፈርዱባቸው። በ2014 ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ማሽኑም፣ ወፍጮውም፣ ፍሪጁም፣ ወንበሩ ሳይቀር ተወሰደ። ኅዳር መጨረሻ ላይ ተመልሰን ስንገባ መሬት ላይ ያገኘነው የሲኒ ስባሪ ብቻ ነበር። አጎቴ አላለቀሱም። ከጎረቤት አንድ ጀበና ተውሰው፣ በሩ ላይ ከሰል አቀጣጥለው ቡና አፈሉ። የመጣ ሁሉ የቻለውን ከፍሎ ይጠጣ ነበር። በዚያ ጀበና ነው የተነሳችው። ማሽኑ የተገዛው በብድር ነው፣ ዕዳው ዛሬም አላለቀም። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ማሽኑ ይቀዘቅዛል፣ እስኪሞቅ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፣ ደንበኛ ይሄዳል። የጄኔሬተሩን ነዳጅ አልነግራችሁም።

ግን የደብተሩን ነገር አላውቅም ነበር። እውነቴን ነው። ትናንት ማታ ክሩን ለአጎቴ አነበብኩላቸው። የሳህን ቤቱ ጋ ስደርስ "አቁሚ" አሉኝ። ሲኒ ከምንም ነገር በላይ የሚያሳዝናቸው ሰው ናቸው፣ በዚያ ስባሪ ምክንያት። በሲኒ ሰበብ የልጅ ደመወዝ ተቆረጠ ሲባል ፊታቸው ተለወጠ። ደብተሩን አምጪልኝ ብለዋል።

ወፍጮ ላይ የነበርኩ፦
በጀበናው ጊዜ የነበረውን እኔም ሰምቼዋለሁ። እሳቸው ሲነግሩን እናለቅስ ነበር። ለዚህ ነው ሦስት ዓመት ተኩል የቆየሁት። ለዚህም ነው ዝም ብዬ የወጣሁት። ታመው ሳለ ይህን ልነግራቸው አልቻልኩም። አሁን ሳስበው ብነግራቸው ይሻል ነበር።

ቦርከና፦
ዕዳ ያለበት ሰው ከሳህን አጣቢ ደመወዝ አይደጎምም። ለአጎትሽ ትልቅ አክብሮት አለኝ፣ ጀበናውን ከጠጡት አንዱ ነኝ። ግን ደብተሩ ከተነበበ በኋላ የተቆረጠው ተደምሮ ይመለስ። የጉርሻው ሳጥንም ሰው የሚያየው ቦታ ይመለስ። እኔ እስከዚያ አልገባም።

ሐረጎ ቁልቁል፦
እኔ ግን እገባለሁ። ሁላችን ከቀረን አሁን የሚሠሩት ልጆች ናቸው የሚጎዱት። ጉርሻዬን በእጃቸው እሰጣለሁ፣ በቴሌብር አልልክም። ቦርከና፣ አንተ በራስህ መንገድ፣ እኔ በራሴ።

የባለቤቱ እህት ልጅ፦
ደብተሩን አግኝተናል። ባለፉት ወራት የተቆረጠውን ከአጎቴ ጋር እየደመርን ነው። ስምንት ልጅ ነው የተጻፈበት፣ የሁለቱን ስልክ ብቻ ነው ያገኘሁት። የምታውቋቸው ካላችሁ በውስጥ መልእክት ላኩልኝ። ሳህን ቤት፣ ያንተ ስም የመጀመሪያው ገጽ ላይ ነው። ባሪስታዋ ደግሞ ወረቀትሽ ሐሙስ ይፈረማል፣ አጎቴ ራሳቸው ይመጣሉ። ጠበቃው ያሉትን የጽሑፍ ጥያቄ ይዘሽ ብትመጪም ቅር አይለንም፣ መብትሽ ነው።

ሳህን ቤት፦
እኔ አሁን ያለሁት ወልዲያ ነው። ሐሙስ መምጣት አልችልም። ስሜን ከገጹ ላይ ፎቶ አንስተሽ ብትልኪልኝ ይበቃኛል።

ወፍጮ ላይ የነበርኩ፦
ሐሙስ ስንት ሰዓት? እውነቱን ለመናገር ብቻዬን መግባት ይከብደኛል። ከወጣሁ ወዲህ በዚያ መንገድ አላለፍኩም።

የአራዳው ልጅ፦
ብቻሽን አትገቢም። ጠበቃው ማመልከቻውን እስከ ረቡዕ ይጨርስልሽ፣ ሁለት ቅጂ አሳትሜ እይዛለሁ። ሐሙስ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል በረንዳው ላይ፣ በስተግራ፣ ታውቂዋለሽ። እትዬ፣ እርስዎም ቢመጡ ከፍ ያለውን ወንበር ቀድሜ እይዝልዎታለሁ።

እናት ወሎ፦
እመጣለሁ ልጄ። ጀበናዬን ከቤት ይዤ እመጣለሁ።